ቀድሞ የተዘፈዘፈ ስንዴ

ጥቅምት አሥራ ሰባት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ እትዬ ተሻለች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ የጎረቤታቸውን የወይዘሮ ዘርፉን በር ገፍተው ገቡ።

«ዘርፉዬ! ወይኔ ዘርፉዬ! ሳትነግሪኝ ሄድሽ?»

ወይዘሮ ዘርፉ አልሞቱም። ከቤተ ክርስቲያን በተመለሱበት ልብስ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ከኋላቸው ልጃቸው አያንቱ ግማሽ ሎሚ በእጇ ይዛ ደርቃ ቀርታለች። ከእሷ አጠገብ ቶሌራ የሚባል ወጣት፣ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ የተቀቀለ ስንዴ ያጠልላል።

የአዳማ ነፋስ ግቢው ውስጥ አቧራ አዙሮ አነሳና መልሶ ተወው።

«ተሻለች፣ ምን ሆነሻል?» አሉ ወይዘሮ ዘርፉ።

እትዬ ተሻለች ቀና አሉ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

«አለሽ እንዴ?»

«የት ልሄድልሽ?»

«የስንዴው ሽታ በአጥሩ መጣ። ከዚያ ልቅሶ ሰማሁ። የአያንቱ ድምፅ ነው፣ አልስተውም። ‹እማዬ ተነሺ፣ ስንዴው በስሏል› እያለች ስታለቅስ በጆሮዬ ሰማኋት!»

አያንቱ እንዲህ ያለ ነገር አላለችም። ጠዋቱን ሙሉ ከቶሌራ ጋር ስትስቅ ነበር።

ከቶሌራ ጋር የተገናኙት ከአምስት ወር በፊት፣ ሰኞ ማለዳ፣ ከአዳማ ወደ ባቱ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። እሷ ባቱ በሚገኝ የአትክልት እርሻ ቲማቲም እየመዘነች ሰንብታ ዓርብ ማታ ወደ እናቷ ትመለሳለች። እሱ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ሰላጣ ሠሪ ነው። ያን ቀን ጉልበቱ ላይ የታቀፈው ናና፣ በሶብላና የድንብላል ቅጠል መኪናውን በሙሉ በሽታ ሞልቶት ነበር።

«ይቅርታ፣ በግ ትቀልባለህ እንዴ?» አለችው።

«በግ የለኝም። ፈረንጆች ናቸው ያሉኝ።»

መቂ እስኪደርሱ ሲሳሳቁ ሄዱ። ከመቂ እስከ ባቱ ሁለቱም ተፋፈሩ። እሱ ወደ እሷ ሲያይ እሷ ወደ መስኮቱ ታያለች፤ ዞር ስትል እሱ ቅጠሉን ይቆጥራል። ልትወርድ ስትል አንድ የናና ዘለላ መዞ ሰጣት። ያንን ቅጠል በስልኳ መያዣ ውስጥ አኖረችው፤ ሲደርቅም አልጣለችውም።

ቶሌራ ሊያገባት ፈለገ። እሷም ፈለገች። ግን አንድ ነገር ነገረችው። «አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔና እማዬ ብቻ ነን። እሷ ሳትመርቀኝ ከዚያ ቤት አልወጣም።»

ወይዘሮ ዘርፉ ደግሞ ነገሩን ገና ሲሰሙት ሳቁ። «ወንድ ልጅ ሰላጣ እየቆረጠ ቤት ያስተዳድራል?»

ወይዘሮ ዘርፉ ስኳር አለባቸው። ሐኪሙ ነጭ ዳቦውን ትተው ያልተፈተገ እህልና ቅጠላ ቅጠል እንዲያበዙ መክሯቸዋል። ቶሌራ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ።

«እኔ በአፌ አይሆንልኝም፣ አያንቱ። በእጄ ላናግራቸው።»

«ምን ልትሠራ?»

«ሰላጣ ነዋ።»

እሷም ቲማቲምና ቆስጣ መሰላት። ስለ ስንዴው አልጠየቀችም፤ እሱም አልነገራትም። በዚያ ሰፈር ስንዴና ሽምብራ በትልቅ ድስት ሲቀቀል ትርጉሙ አንድ ነው። ሰው ሞቷል፣ ለቀስተኛ ይመጣል፣ ንፍሮ ይዘገናል። ወይዘሮ ዘርፉ ባላቸውን ከቀበሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ስንዴ ተጥዶ አያውቅም። ቶሌራም ንፍሮ የማያውቅ ሰው ሆኖ አልነበረም። ያደገው ወንጂ ነው፣ በየልቅሶው በልቷል። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ያንኑ ስንዴ በነጭ ሳህን ለእንግዳ ሲያቀርብ፣ እጁ ሌላውን ትርጉም ረስቶት ነበር።

ያን ቅዳሜ እናትየው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ማታ የዘፈዘፈውን ስንዴ ይዞ መጣ፤ አያንቱ ስታየው ብትደነግጥም እናቷ ሳይመጡ ሰላጣ ይሆናል ብላ ተወችው። ቀቅሎ አጠለለና እንዲበርድ ትሪ ላይ በተነው። ሽምብራና የተቦጫጨቀ በሶብላ ቀላቀለበት። አያንቱ ዱባይ የሚባለውን ደቃቅ ቲማቲም አጥታ ተራውን ስትከትፍ፣ እሱ በማርማላታ ጠርሙስ ሎሚ፣ ዘይት፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ሰናፍጭና ቁንዶ በርበሬ ጨምሮ ከደነና እንደ ጽናጽል አንቀጫቀጨው። ከሁሉ ይልቅ ሳቋ ያመለጣት ያኔ ነው። የቀረው ስንዴ ገና እየጠለለ ሳለ እናቷ በሩ ላይ ቆሙ። አፍታም አልቆየ፣ እትዬ ተሻለች እያለቀሱ ገቡ።

እትዬ ተሻለች እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ወይዘሮ ዘርፉ ድስቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። አሁን ግን ሂድ።»

«እትዬ፣ ሰላጣ እኮ ነው...»

«ስሙን ቀየርክለት እንጂ አውቀዋለሁ። በቁሜ ንፍሮዬን የቀቀለ ሰው ልጄን አያገባም።»

ቶሌራ ሽርጡን ፈታ። አያንቱን አያት። እሷ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። ሎሚው ከእጇ ላይ እየተንጠባጠበ ጫማዋን አርሶታል።

እህል መጣል ነውር ሆኖባት ስንዴውን ከነቅጠሉ በጎድጓዳ ሳህን አድርጋ ፍሪጅ ውስጥ ከደነችው። እሑድ ጠዋት ስትከፍተው ጎድሏል። ማንኪያው እርጥብ ነበር። እናቷን ልትጠይቅ ሄደች፤ እናቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ተኝተዋል። ሳሎኑ ውስጥ፣ የአባቷ ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር፣ በሶብላ በሶብላ ይላል። በቤቱ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። ማታ ሳህኑ ላይ ምልክት አድርጋ ተኛች።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወደ ባቱ ልትሄድ ተነሳች። ከፎቶው ሥር፣ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው አየች። ፊቱ አይታይም፤ ሲያኝክ ብቻ ይሰማል።

«እማዬ!»

«አትጩኺ። የገዛ ንፍሮዬን እየበላሁ ነው። ይሄን ዕድል ያገኘ ስንት ሰው አለ?»

አያንቱ ትሳቅ ታልቅስ አላወቀችም። አጠገባቸው ተንበረከከች።

«አባትሽ ሲሞት የቀመስኩት ደረቅ ነበር» አሉ ወይዘሮ ዘርፉ፣ ዓይናቸውን ከፎቶው ሳያነሱ። «እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ዘጠኝ ዓመት አልወረደም። ይሄ ግን ይወርዳል።»

«ሎሚው ነው፣ እማዬ።»

«ምኑም ይሁን። ልጁን ጥሪው።»

ቶሌራ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ፤ ባዶ እጁን። ወይዘሮ ዘርፉ ግን ስንዴውን ራሳቸው ገዝተው፣ ራሳቸው ዘፍዝፈው ነበር የጠበቁት። ጠርሙሱን አቀበሉትና እያንዳንዱን ነገር ሲጨምር አጠገቡ ቆመው አዩ።

«ቅጠሉን ለምን በቢላ አትከትፈውም? በጣት ትቦጫጭቀዋለህ?»

«በሶብላ ብረት ከነካው ይጠቁራል፣ እትዬ።»

«እኔም እንደሱ ነኝ። ክፉ ቃል ከነካኝ እጠቁራለሁ።» አንድ ቅጠል አንስተው አሸተቱ። «ስማኝ፣ ቶሌራ። ልቅሶ ቤት ንፍሮ የሚቀቅል እንግዳ አይደለም፤ የቤት ሰው ነው። ቀኔ ሲደርስ የኔን አንተ ቀቅል። ሎሚውን እንዳትረሳ። ሰው ይስቃል ብለህም አትፈር።»

ቶሌራ ግራ ገብቶት ወደ አያንቱ ዞረ።

«ምን ማለታቸው ነው?» አላት በሹክሹክታ።

አያንቱ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «እሺ ብላሃለች።»

በጥር ተጋቡ። ቶሌራ አዳማ ውስጥ ሌላ ሆቴል ተቀጠረና እዚያው ቤት ገባ። ዓርብ ዓርብ ማታ ስንዴ ይዘፈዝፋል፣ ቅዳሜ ጠዋት ለአማቱ ሰላጣውን ያሰናዳል። ስኳራቸው ወረደ፤ ሐኪሙ ምን እየበሉ እንደሆነ ሲጠይቃቸው «ንፍሮ» ብለው አስደነገጡት። እትዬ ተሻለች ብቻ አንድም ቀን አልቀመሱም። ቶሌራ በሳህን ይዞ በአጥሩ ሲያቀብላቸው እጃቸውን ይሰበስባሉ።

«ተወኝ ልጄ። እኔ ሳላለቅስ ንፍሮ አልበላም።»

ግንቦት አሥራ ስድስት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ፣ ስንዴው ተጥዷል። ወይዘሮ ዘርፉ ድካም ቢጤ ተሰምቷቸው ጋደም አሉ። «ሲበስል ቀስቅሺኝ» ብለዋታል። ቶሌራ ጠርሙሱን እያንቀጫቀጨ ሳለ አያንቱ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

«እማዬ ተነሺ፣ ስንዴው በስሏል።»

ትከሻቸውን ነካች። ቀዝቅዘዋል።

«እማዬ፣ ተነሺ! ስንዴው በስሏል እኮ! እማዬ!»

ሦስተኛውን ልትል ስትል ቃሉን በራሷ አፍ ውስጥ ሰማችው። አፏን በእጇ ያዘች። ማድ ቤት ውስጥ የጠርሙሱ ድምፅ ቆመ። ነፋሱም ቆመ። ሰዓቱን አየች፤ አራት ሰዓት ከሩብ ነው። ከአጥሩ ወዲያ የእትዬ ተሻለች በር ሲከፈት ተሰማ።

«ዘርፉዬ! ወይኔ ዘርፉዬ! ሳትነግሪኝ ሄድሽ?»

ቶሌራ መጥቶ አያንቱን አቀፋት። ከዚያ ግንባሯን ሳመና ወደ ድስቱ ተመለሰ፤ ቃል ነበረበት። ስንዴው ማታውኑ ተዘፍዝፎ ስለነበር ለለቀስተኛ ለመዘፍዘፍ የተቸገረ አልነበረም። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ የቀረበው ንፍሮ ሎሚና በሶብላ ሸተተ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ የሳቀ ግን የለም። ሁሉም በልቶ ደገመ። እትዬ ተሻለች አንድ እፍኝ ዘግነው ቀስ ብለው አኘኩ።

«አሁን ይበላል» አሉ።

አያንቱና ቶሌራ ዛሬም በዚያው ቤት ይኖራሉ፤ ዓርብ ማታም ስንዴ ይዘፈዝፋሉ። ቅዳሜ ጠዋት ድስቱ ከመጣዱ በፊት ግን አያንቱ ወደ አጥሩ ሄዳ ለእትዬ ተሻለች «ለሰላጣ ነው» ብላ ትነግራቸዋለች።