መልሱ ይነበብለት

የችሎት ጸሐፊ ሥራዋ የተባለውን መጻፍ ነው፤ መጨመርም መቀነስም አይፈቀድላትም። እሷ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጽፍ ጣቶቿ አንድም ቀን አሳፍረዋት አያውቁም። ችግሩ የመጣው በልቧ በኩል ነው።

የወደደችው ሰው የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነው። መጋዘን አቃጥሎ ሰው ገድሏል ተብሎ የተከሰሰው ዘበኛ መቼ እንደሚቀርብ ሊጠይቅ መጣ፤ ነገረችው። በማግስቱ ያንኑ ቀን ሊጠይቅ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ቀን፣ በዚህ መርሳትህ ዜናውን እንዴት ታነበዋለህ ብላ ሳቀችበት። ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት ላይ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ሻይ ቤት መገናኘት ልማድ ሆነ። በሬዲዮ አፈ ጮሌ የሆነው ሰው እሷ ፊት ሲቀመጥ ቃል ይጠፋውና ሻዩን ሲያማስል ይቆያል። እሷም ይኸንኑ ወደደችለት።

ስለ ዘበኛው ግን አልተስማሙም። እሱ በልቡ ፈርዶበት ጨርሷል።

«ገና አራት ምስክር ይቀራል» አለችው አንድ ቀን። «እስኪፈረድ አፍህን ሰብስብ።»

«ሕዝቡ እኮ እውነቱን ማወቅ አለበት።»

«አንተስ እውነቱን መቼ አወቅከው?»

አንገቱን ደፍቶ ሻዩን አማሰለ። የሰማት መስሏት ደስ አላት።

ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ጠዋት፣ የቢሮው ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ድምፁን ስትሰማ ፈገግ አለች፤ የሚለውን ስትሰማ ግን ክው አለች። ዘበኛው ክብሪት ጭሮ ሲሮጥ ታይቷል፣ ከእንግዲህ ምስክር መስማት ጊዜ ማባከን ነው ይላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ታደርገዋለች?

በዚያው ሳምንት ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ ለምስክርነት ቀረበና፣ ዘበኛው ክብሪት ጭሮ ሲሮጥ አይቻለሁ አለ። ለፖሊስ የሰጠው ቃል ግን ጭስ ብቻ እንዳየ ነበር። ዳኛው ጠበቅ አድርገው ቢጠይቁት፣ ክብሪቱንም ሩጫውንም ከሬዲዮ መስማቱን አመነ። የዘበኛው ጉዳይ ለሁለት ወር ተራዘመ፤ እሱም ወደ እስር ቤት ተመለሰ። ጋዜጠኛው በፍርድ ቤት ሥራ ጣልቃ በመግባት እንዲጠየቅ ታዘዘ። መጥሪያውን የጻፈችው እሷ ናት።

በዚያን ቀን ሻይ ቤት ውስጥ፣ ያልተሰማ ምስክር መኖሩን አላውቅም ነበር በልና ዳኛው በማስጠንቀቂያ ይለፉህ ብላ ለመነችው። ስድስት ዓመት የሰውን ቃል ስትጠብቅ ኖራ፣ ዋሽ ብላ ሰው መለመኗ ለራሷም ገረማት። እሱ የሻዩን ሂሳብ ከፍሎ ተነሣ።

ችሎት ቀረበ።

«ገና ያልተሰማ ምስክር እንዳለ ታውቅ ነበር?» አሉት ዳኛው።

ዞር ብሎ አያት። በዓይኗ ለመነችው።

«አውቅ ነበር፣ ክቡር ፍርድ ቤት። የምወዳት ሴት ተው ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ዘበኛውን በድዬዋለሁ።»

እወድሻለሁ የሚለውን ቃል ለራሷ እንኳ ነግሯት አያውቅም። ጣቶቿ ግን አንድ ፊደል ሳይስቱ ጻፉት።

«መልሱ ይነበብለት» አሉ ዳኛው።

ማምለጫ አልነበራትም። ተነሥታ አነበበች። «የምወዳት ሴት» ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ።

«ቀጥዪ» አሉ ዳኛው፣ ቀና ሳይሉ።

ቀጠለች። እንደተናገርከው ነው ወይ ሲሉት፣ እሷን እያየ፣ እንደተናገርኩት ነው አለ። ሦስት ወር ተፈረደበት።

ለእስር ቤቱ የሚላከውን ትእዛዝ የሚጽፍ ሌላ ሰው አልነበረም። ጻፈች፣ ማኅተም አስመታች፣ ከግልባጩ ጋር ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ካቴና ገብቶለት ከፖሊሱ አጠገብ ቆሟል።

«ጥሩ አድርገሽ አነበብሽው» አላት ቀስ ብሎ።

እኔም እወድሃለሁ ልትለው አፏን ከፈተች። ፖሊሱ ያያል፤ ባለጉዳዮቹ ያያሉ፤ የዳኛው በር ክፍት ነው። ብዕሩን አቀበለችው።

«ግልባጭ መውሰድህን እዚህ ጋ ፈርም» አለችው።

ፈረመ። ፖሊሱ ይዞት ወረደ።