ሁለት ፍቺ ያለው ትእዛዝ

ሬሳው በምድር ቤቱ ሲሚንቶ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ነበር። አሰልጣኟ ከደረጃው ሥር ሆና ተመለከተችው። ማልቀስ እንደሚገባት ታውቃለች፤ እንባዋ ግን አልመጣም። መላ ሰውነቷ ሐኪም እንዳደነዘዘው ድድ ሆኖባት ነበር።

ሟቹ ሁሉም «ጋሼ» የሚለው አንጋፋ ፎርማን ነው። ለግንባታ ኃላፊዎች የሚሰጠውን የደህንነት ሥልጠና ሊካፈል መጥቶ፣ ከሦስተኛው ፎቅ በብርሃን ማስገቢያው ጉድጓድ ወድቆ ሞተ። ጉድጓዱ ከጣሪያው እስከ ምድር ቤቱ ክፍት ሲሆን የሚዘጋው በሦስተኛው ፎቅ ላይ በምስማር በተመታ አንድ የኮምፔንሳቶ ክዳን ብቻ ነበር። ያንን ክዳን በዚያው ጠዋት ለትምህርት ማሳያ ነቅላ ያነሳችው አሰልጣኟ ናት።

«ክዳኑን መልሰው መትተውታል?» አላት መርማሪው። ጠና ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው።

«የመታሁት ይመስለኛል።»

«‹ይመስለኛል› ለፍርድ ቤት አይበቃም።»

«አውቃለሁ።»

ካልመታችው በቸልተኝነት ሰው ገድላለችና ወህኒ ትወርዳለች። ይህን እያወቀች እንኳ ልቧ ከወትሮው ፈጥኖ አልመታም።

ተያይዘው ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጡ። ክዳኑ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መርማሪው አጎንብሶ ከወለሉ የሚያብረቀርቁ ምስማሮች ለቀመ፤ ሁሉም ጎብጠዋል።

«የማን ናቸው?»

«የእኔ። ጠዋት ካልተከፈተ ፓኮ ያወጣኋቸው ናቸው።»

«ያልተመታ ምስማር አይጎብጥም። እርስዎ መትተውታል፤ ከእርስዎ በኋላ የነቀለው አለ።»

«ራሴ ነቅዬው ቢሆንስ?» አለች። ለምን እንዲህ እንዳለች ለራሷም አልገባትም።

«እሱንም አስቤዋለሁ» አለ መርማሪው።

ወርደው ሬሳው ሲነሳ፣ በጉድጓዱ አፍ ሥር ያለው ወለል ዝናብ ጠጥቶ ሳለ ሬሳው ያረፈበት ቦታ ግን ደረቅ ሆኖ ተገኘ።

«ዝናቡ የጀመረው መቼ ነው?»

«ትምህርቱን ልጨርስ ስል። መብራት አጥፍቼ ሥዕል እያሳየሁ ነበር።»

መርማሪው አሰልጣኟን ከአዳራሹ ጥግ አስቀምጦ ሠልጣኞቹን ተራ በተራ ጠራ። መጀመሪያ የገባው የኤሌክትሪክ ክፍል ኃላፊው፣ በቅጽል ስሙ «ብልጭታ» ነው።

«ጋሼ ሲወጣ አይተኸዋል?»

«ኧረ ጌታዬ፣ በዚያ ጨለማ የራሴንም እጅ አላየሁ። ይኼው የመብራት ሰው ሆኜ በጨለማ ተዋረድኩ።»

«ከላይ ከማሳያው በኋላ ከሁሉም መጨረሻ ወደ አዳራሹ የተመለሰው ማነው?»

«የሕንጻው ሥራ አስኪያጅ። ሽንት ቤት ነበርኩ አለ።»

«ምን ተማራችሁ?»

«አደጋ ስናይ የምንጮኸውን ‹ቁም› የሚለውን ቃል ጣሉት ተባልን። ከእንግዲህ ‹ባለህበት› ነው። የቀለም ሥራ ኃላፊዋ ‹ባለህበት ቁም ብንልስ?› ብላ ጠየቀች፤ መምህርዬ ‹አንቺን ከቁም ማላቀቅስ ቀለም ከመፋቅ ይከብዳል› አለቻት። ሁላችንም ሳቅን።»

የቀለም ሥራ ኃላፊዋም ይህንኑ ተናገረች። መጨረሻ የገባው የሕንጻው ሥራ አስኪያጅ ነው።

«ከአዳራሹ አልወጡም?»

«እንዲያው ንቅንቅም አላልኩ።»

«ምን ተማሩ?»

«ያው የዓምናውን ነው። አደጋ ስታይ ጮክ ብለህ ‹ቁም› በል ነው ነገሩ። ሁለተኛዬ ስለሆነ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

አሰልጣኟ ቀና አለች። መርማሪው ግን አመስግኖ አሰናበተው።

ጥቂት ቆይቶ ሁሉንም በአንድነት ሰበሰባቸው።

«ሬሳው ሥር ያለው ወለል ደረቅ ነበር» ሲል ጀመረ። «ስለዚህ ጋሼ የወደቀው ከዝናቡ በፊት፣ ትምህርቱ እየተሰጠ ሳለ ነው። ክዳኑ ተመትቶ ነበር፤ የጎበጠው ምስማር ይመሰክራል። አሰልጣኟ በዚያ ሰዓት ፊታችሁ ቆማ ትናገር ነበርና እሷ አይደለችም። እንግዲህ ገዳዩ ትምህርቱ ያመለጠው ሰው ነው።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። «እርስዎ ‹ቁም› በሉ ተባልን አሉኝ። ዛሬ የተባለው ተቃራኒው ነው።»

«ደንግጬ ዘንግቼው ነዋ።»

«የዘነጋ ሰው ይዘነጋል እንጂ ያልተባለውን አይጨምርም። የነገሩኝ የዓምናውን ትምህርት ነው።» ቀጥሎ አሰልጣኟን ጠየቃት፤ «ትምህርቱን ለምን ለወጡት?»

«ጋሼ ስለነገረኝ ነው። ዓምና የሞተው የቀን ሠራተኛ ቁጢጥ ብሎ ብረት ሲያስር፣ ከራሱ በላይ ጭነት ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ሰው ‹ቁም!› አለው። አትንቀሳቀስ ማለቱ ነበር፤ ልጁ ግን ተነስቶ ቆመ፤ ጭነቱም ራሱን መታው። የጮኸው ማን እንደሆነ አልነገረኝም። ከዕረፍት በኋላ በሁሉም ፊት እናገራለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ለፖሊስ የተሰጠው ቃል ግን ልጁ ሰክሮ ነበር ይላል» አለ መርማሪው። «ቃሉን የሰጡት እርስዎ ነዎት፣ ሥራ አስኪያጅ፤ ‹ቁም› ብለው የጮኹትም እርስዎ ነበሩ። ዛሬ ከማሳያው በኋላ ወደኋላ ቀርተው ክዳኑን ነቀሉ፤ በጨለማው ጋሼን ለብቻው ወደ ላይ ወስደው በጉድጓዱ ገፈተሩት።»

ሥራ አስኪያጁ እጆቹን ተመለከተ።

«እንዳይናገር ለመንኩት» አለ። «ለሟቹ ልጅ እናት ዓይን ዓይኗን እያየሁ ልጅሽ ሰካራም ነበር ብያታለሁ፤ አሁን በምን ዓይኔ ልያት? ጋሼ ግን አሻፈረኝ አለ።»

«ያኔ እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ የሚከስዎት አልነበረም። ‹ቁም› ያሉት ያስተማሩዎትን ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ አሰልጣኟ ዞረ። በድምፁ ቁጣ አልነበረም።

«እኔ እኮ ዓምና ‹በል› ያልሽኝን ነው ያልኩት።»

«አዎ» አለች።

ወሰዱት። የቀለም ሥራ ኃላፊዋ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ወጣች። መርማሪው ወንበር ስቦ ከአሰልጣኟ አጠገብ ተቀመጠ።

«እርስዎ ነፃ ነዎት።»

«ከጋሼ ሞት ነው ነፃ የወጣሁት።»

«ለሌላው የሚከስዎት ሕግ የለም።»

«አውቃለሁ። ቢኖር ይቀለኝ ነበር።»

አሰልጣኟ ቦርሳዋን አንስታ በሩ ላይ ወደሚጠብቃት ብልጭታ ሄደች።

«የልጁ እናት ቤት የት ነው?»

«ምን ልትያት ነው፣ መምህርዬ?»

«ልጅሽ ታዛዥ ነበር እላታለሁ።»

ብልጭታ መንገዱን ሊያሳያት ቀድሟት ወጣ።