ግድግዳ ሥር የደረቀ ጭቃ

ቁም ሣጥኑ ተሰብሯል። ብራናው የለም።

መምህር ሣህሉ ሰኞ ጠዋት የቢሮውን በር እንደያዘ ቀረ። ባሕር ዳር ውስጥ እስፓንኛ የሚያስተምር እሱ ብቻ ነው። ኩባ ተምሮ ተመልሶ፣ አሁን ወደዚያው የሚላኩትን ተማሪዎች ቋንቋ ያስይዛል። ልቡ ግን ምርምሩ ላይ ነው። የጥንት እስፓንያ ሰዎች ስለ ማርያም የጻፏቸውን ታሪኮች ከዘጌ ገዳማት ታሪኮች ጋር ያስተያያል። በተለይ አንዱ እንቅልፍ ነስቶታል፤ ሊሰርቅ በወጣ ቁጥር ማርያምን ተሳልሞ የሚሄድ ሌባ ታሪክ በሁለቱም አገር አለ። የጠፋው ለዚህ ሲል የዘጌውን መነኩሴ አባ ወልደ ሐዋርያትን ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቶ የተዋሰው ብራና ነው።

ነገሩ ገና ሳይወራ የኮሌጁ ካድሬ ጓድ ክንዱ ከተፍ አለ።

«ለፈረንጅ ሸጠኸዋል! የሕዝብ ቅርስ!»

በዚያ በደርግ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ከካድሬ አፍ ከወጣ ሰው ይበላል። አምና አንድ ባልደረባው ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ፣ ሚስቱ ስንቅ የምታቀብልበትን በር እስከ ዛሬ አላገኘችም።

ከፖሊስ የመጣው መቶ አለቃ ተክለ ጊዮርጊስ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። ያ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል።

«መምህር፣ እስከ ነገ ካልተገኘ ጉዳዩ ከእጄ ይወጣል። ደኅንነት ይረከብዎታል።»

«እኔ አልወሰድሁም!»

«እዚህ እንዳለ ማን ያውቃል?»

«አባ ቅዳሜ መጥተው አይተውታል። ለተማሪዎቼም ነግሬአቸዋለሁ። ጓድ ክንዱም አብሯቸው ይማራል፤ የቡድኑ መሪ ሆኖ ኩባ ሊሄድ ነበር።»

መቶ አለቃው ወለሉን አየ። ከኮርኒሱ የረገፈ ኖራ ተነስንሶበታል። በኖራው ላይ ከበሩ እስከ ቁም ሣጥኑ የባዶ እግር ዱካ አለ።

ክንዱ ሳቀ። «ባዶ እግሩን የሚሄደው ማን ነው? መነኩሴው! ተመሳጥረዋል።»

አባ ወልደ ሐዋርያት ከዘጌ በጀልባ ተይዘው መጡ። ሽማግሌው በወታደር ታጅበው ሲገቡ ሣህሉ አንገቱን ደፋ። በእኔ ጦስ፣ አለ በልቡ።

«አባ፣ ብራናውን ወስደውታል?»

«የኔ ልጅ፣ መልስ ብለው ይመልስልኝ የለም? ቁም ሣጥን ምን አሰበረኝ? ቅዳሜ ተሳለምሁት፣ ሄድሁ።» ይህን ብለው የጸሎት መጽሐፋቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

መቶ አለቃው እግራቸውን አየ። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነው። የረገጡት ኖራም ጠቁሯል። ስርቆቱ የተፈጸመው እሑድ ነው፤ እሑድ ደግሞ ሲዘንብ ነው የዋለው። የሌባው ዱካ ግን ንጹሕ ነው። መቶ አለቃው ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ቁጢጥ አለ። ከበሩ ጎን፣ ግድግዳው ሥር፣ የሁለት ቡትስ ጫማ ቅርጽ ያለው ጭቃ ጎን ለጎን ደርቋል።

ለማንም ምንም አልተነፈሰም። ከሰዓት በኋላ ክንዱን አስጠራው። ቡትስ ጫማው ከሩቅ ተሰማ።

«ጓድ ክንዱ፣ ይምጡ እስቲ!» አለ መቶ አለቃው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ያንን የአባን መጽሐፍ ቶሎ ያቀብሉኝ።»

ክንዱ የበሩ ደፍ ላይ ጎንበስ አለ። እጁ ወደ ጫማው ማሰሪያ ሄደ። አንዱን እግሩን አውጥቶ ሲያበቃ ባለበት ደረቀ።

«ሁለተኛውንም ያውልቁት» አለው መቶ አለቃው በቀስታ። «እሑድ እንዳደረጉት።»

ክንዱ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ዲያቆን ነበርሁ። እዚህ የሚያውቅብኝ የለም። ተጫምቼ ልነካው አልቻልሁም።»

«ለምን ሰረቁት?»

«መምህሩ በፈተና ጣለኝ። ለመንሁት፣ ውጤት አልለውጥም አለኝ። ኩባ ቀረችብኝ። እሱ ከታሰረ በቦታው የሚመጣው ያሳልፈኛል ብዬ ነው።» ከዚያ የሚረዳው መስሎት ጨመረ፤ «መሬት አላስቀመጥሁትም። በነጭ ነጠላ ጠቅልዬ ከራስጌዬ ሰቅዬዋለሁ።»

«ልታስገድለኝ!» አለ ሣህሉ። ወደ መቶ አለቃው ዞረ። «እንዴት አወቁ?»

«አባ መጽሐፋቸውን ሲያኖሩ የእኔም እጅ ወደ ጫማዬ ሄዶ ነበር።» መቶ አለቃው ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «እንዳለ ከጻፍሁት ይህ ሰው በሌብነት ብቻ አይጠየቅም። እየተሳለመ የሚሰርቅ ካድሬ ብለው ይረሽኑታል። ብራናው ተገኘ፣ ጓድ ክንዱም ክሱን አንሥቷል ብዬም መጻፍ እችላለሁ። የተበደሉት እርስዎ ነዎት።»

ሣህሉ ክንዱን አየው። ከማሩት ያ ቡትስ ጫማ በየቀኑ በዚህ ኮሪደር ያልፋል። ቂም ይዞ፣ ሥልጣን ይዞ። ካልማሩት ግን ደሙ በእጁ ነው።

«ያ ሌባ» አሉ አባ ከጥግ፣ «በፈረንጆቹ አገር መጨረሻው ምን ሆነ አልኸኝ?»

«ሰቀሉት፣ አባ። ማርያም ግን ከሥር ሆና እግሩን ደገፈችው። አልሞተም።»

«በኛም እንደዚያው ነው።»

ሣህሉ ጎንበስ አለ። ጫማውን ከደፉ ላይ አንሥቶ ክንዱ እግር ሥር አኖረው።

«ተጫማ» አለው። «ሰው ሳይመጣ።»