ማስቲሹ ያልደረቀ ሰንጢ

ኢንስፔክተር አመተ ሥላሴ ከቢቸና ወደ ሞጣ የተጠራችው የሞጣው መርማሪ ለሟቹ ሚስት የአክስት ልጅ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው። የዘመድ ለቅሶ ላይ ማልቀስ እንጂ መመርመር አይቻልማ። ስትደርስ ጡረተኛው መምህር ፋንታ ከጓሮው ዕቃ ቤት ወለል ላይ ገና አልተነሡም ነበር። ግራ ብሽሽታቸው ላይ አንድ ጠባብ ቁስል፣ ከሥራቸው ብዙ ደም፣ ከጎናቸው ባለ ቀንድ እጀታ ሰንጢ።

ሰንጢውን የማያውቅ የሞጣ ገበያተኛ የለም። የእህል ነጋዴው የሐምዱ ነው፤ ጆንያ የሚቀድዱበት። ሐምዱ ደግሞ የሟቹ የጓሮ ጎረቤት ናቸው። ባለፈው ሳምንት በአጥር ድንበር ከፋንታ ጋር ሰው ፊት ክፉ ቃል ተነጋግረዋል፤ ፋንታ በሞቱበት ጠዋትም በጓሮው በር ሲገቡ ታይተዋል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ፖሊስ ከሱቃቸው አንሥቶ ወሰዳቸው፣ መንደሩም ፈርዶ ጨረሰ። ነገሩ በዚህ ከቀረ ሐምዱ ቀሪ ዕድሜያቸውን እስር ቤት ይጨርሳሉ፤ ሁለቱ ቤቶችም ዳግመኛ ዓይን ለዓይን አይተያዩም።

አመተ ሥላሴ ጓንት አጥልቃ ሰንጢውን ዘጋችው፤ መልሳ ከፈተችው።

«ይህ ሰንጢ የላላ ነው አላልከኝም?» አለች አጠገቧ ለቆመው ፖሊስ ለዘመነ።

«ሞጣ ሁሉ የሚስቅበት ነው እኮ። ስለቱ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይነቃነቃል።»

«አሁን ግን አይነቃነቅም።»

ወደ ብርሃን አቀረበችው። ስለቱ የሚዞርበት ቦታ አዲስ የነሐስ ካስማ ገብቶበታል፤ ሁለቱም ጫፎቹ በስሱ ተቀጥቅጠው እንደ ምስር ድቡልቡል ብለዋል። የተሰነጠቀው ቀንድ ማስቲሽ ተቀብቶ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ማስቲሹን ነካ ስታደርገው ጣቷ ላይ ያዝ አደረጋት። ገና አልደረቀም። በላዩም የአውራ ጣት አሻራ ጠልቆ ይታያል።

ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። ደሙ መሐል አንድ ክብ ንጹሕ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ የቆመ ነገር ነበረ፣ አሁን የለም። በክቡ ጠርዝ ደሙ ወደ ውስጥ መለስ ብሎ ፈስሷል። ከዳር ደግሞ የጥፍር ያህል የቆዳ ቁራጭ ወድቋል። ይህን ሁሉ ዘመነን ፎቶ አስነሥታ ወደ ኀዘንተኞቹ ገባች።

«እትዬ ጥሩአየሁ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች ለሚስቲቱ። «ጋሼ ፋንታ ዕቃ ይጠግኑ ነበር?»

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ባሌ መምህር ነው። ከጠመኔ ሌላ በእጁ ነገር አይዝም።»

«መዶሻስ? ሞረድስ?»

«ምን ሊሠራለት? የደብተራ ዘር ነው። ሬሳው ሳይነሣ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል?»

ልቅሷቸው የእውነት ልቅሶ ነው፤ ይህን አመተ ሥላሴ አልተጠራጠረችም። ስለ መዶሻ ሲነሣ ግን ዓይናቸው መሬት ላይ ተተክሎ ቀረ። ኀዘንተኛ መሬት ቢያይ አይገርምም። እሳቸው ያዩት ግን ያፈረ ሰው እንደሚያየው ነበር።

ልጃቸው ሊድያ ከደጅ ቆማለች። በዚያው ቀን ሽማግሌዎች ከቢቸና መጥተው ለሐብታሙ ሊጠይቋት ነበር። ለዕልልታ የመጡት ሰዎች ለቅሶ ደረሱ፤ አሁን ድንኳን ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

«ሐብታሙ ማለዳ ደውሎ፣ አጎቴ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ዘር እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ አይነሡም ብሎኝ ነበር» አለች ሊድያ። «ለአባቴ ነገርኩት።»

«ምን አሉሽ?»

«ምንም። ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ። እኔም ለእንግዶቹ የጎደለ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ እናቴ ስትጮኽ ደረስኩ።»

አመተ ሥላሴ ዞር ዞር ስትል ማድ ቤት ገባች። ጥግ ላይ አንድ የወይራ ጉቶ ቆሟል። ዝናብ በሌለበት ወር ጉቶው ርሷል፤ ታጥቧል። አናቱ ላይ ብረት ተተክሎበት የነበረ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። ቀጥቃጭ ብረቱን የሚያሳርፍበት መስፍ እንዲህ ባለ ጉቶ ላይ ነው የሚተከለው። የጉቶውን ወርድ በስንዝሯ ለካች፤ ከንጹሑ ክብ ጋር አንድ ነው። ነገሩ የገባት እዚያ ነው፤ ሲገባት ግን ደስ አላላትም። የሰው ገመና መግለጥ እንጀራዋ ሆኖ እንኳ አንዳንዴ ያሳፍራታል።

ጣቢያ ሄዳ ከሐምዱ ፊት ተቀመጠች።

«ጋሼ ሐምዱ፣ ሰንጢው የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ማን ጠገነው?»

ሐምዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። እስካሁን ለምን ገደልክ ያላቸው እንጂ ማን ጠገነው ያላቸው አልነበረም። «እሱን አልነግርሽም» አሉ።

«ዝምታዎ ያሳስርዎታል።»

«ታስሬ የለም እንዴ ልጄ? አሁን የሚቀረኝ መፈታት ነው።»

«ሰዎቹ ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀሙ ነው። አንድ ቃል ቢናገሩ ቤትዎ ያድራሉ።»

«የሰው አደራ አለብኝ» አሉ ሐምዱ። «አደራ ያለኝ ሰው ቢሞትም አላነሣልኝም።»

መዳፋቸውን እንዲዘረጉ ጠየቀቻቸው። የእህል አቧራ እንጂ ማስቲሽ አልነበረበትም።

በማግሥቱ ከቀብር በፊት አመተ ሥላሴ ቤተሰቡንና ሽማግሌዎቹን ድንኳን ውስጥ ሰበሰበች። ዘመነ ሐምዱን ይዞ ሲገባ ጉምጉምታ ተነሣ። መሪጌታ ገብረ ኪዳን ጭራቸውን እያወዛወዙ፣ «ሬሳ አስቀምጦ ሸንጎ ምንድን ነው?» አሉ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና አባቴ፣ ከሥሩ ልጀምር» አለች። «ጋሼ ሐምዱ ማንንም አልገደሉም። ሰንጢው ሲገኝ የእጀታው ማስቲሽ አልደረቀም ነበር። ሊገድል የሚመጣ ሰው እጁ ላይ የሚጣበቅ ሰንጢ ይዞ አይመጣም። የእሳቸው እጅ ደግሞ ንጹሕ ነው። ማስቲሹ ላይ የታተመው አውራ ጣት የጋሼ ፋንታ ነው፤ ጥፍራቸው ሥርም የነሐስ ብናኝ ተገኝቷል።»

«ታዲያ ምን ማለት ነው?» አለ ሐብታሙ።

«ሰንጢውን የጠገኑት ራሳቸው ናቸው ማለት ነው። ካስማውን የቀጠቀጠው እጅ ደግሞ ትናንት የጀመረ እጅ አይደለም። ጀማሪ ቢሆን ቀንዱን ይፈረካክሰው ነበር። ከልጅነት የተማረ እጅ ነው።»

ሁሉም ገብቶታል፤ ቃሉን ግን ከአፉ ሊያወጣው የደፈረ የለም። ሊድያ እናቷን አየች። እናቷ መሬት መሬቱን ያያሉ።

አመተ ሥላሴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንግዶች እየመጡ ነው፤ ዕቃው ቶሎ መሰብሰብ አለበት። ስለዚህ ማስቲሹ እስኪደርቅ አልጠበቁም። የቆዳ ቁራጭ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ስለቱን ወደ ራሳቸው እየሳቡ ሞከሩት። የተሰነጠቀው ቀንድ እርጥቡ ማስቲሽ ላይ ሲንሸራተት ስለቱ ብሽሽታቸው ገባ። ቁስሉን ያየው ሐኪምም ከራሳቸው እጅ የመጣ ነው ብሎኛል። ሆን ብለው ግን አይደለም፤ ራሱን ሊያጠፋ የተነሣ ሰው መጀመሪያ ቆዳ አይቆርጥም።»

«እንግዲያ ጉዳዩ አለቀ» አሉ መሪጌታ።

«አላለቀም። ደም ከፈሰሰ በኋላ ከዚያ ቤት አንድ ጉቶ ወጥቷል። ጉቶው ሲነሣ ደሙ ወደ ባዶው ቦታ ተመልሶ ገብቷል፤ ገና ይፈስ ነበር። እንዲያ የሚፈስ ደም የሕያው ሰው ደም ነው።» ወደ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ዞረች። «እትዬ፣ ጉቶው ማድ ቤት ታጥቦ አገኘሁት።»

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ቀስ ብለው፣ «እሱ ነው ያለኝ» አሉ። «እጁን ቁስሉ ላይ ጭኖ፣ ሰዎቹ ሳይደርሱ ዕቃውን አንሺው፣ ከዚያ ትጮኺያለሽ አለኝ። ጉቶውን አወጣሁ። መስፉን አወጣሁ። መዶሻውን ደብቄ ስመለስ አይናገርም። ያኔ ነው የጮኽኩት።»

«ጋሼ ሐምዱን ሲወስዷቸውስ?» አለች ሊድያ። «እማ፣ ሲወስዷቸው ቆመሽ አይተሻል።»

«ነገ ይለቁታል አልኩ። የቀጥቃጭ ልጅ ተብለሽ ከምትቀሪ ብዬ…» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ሐምዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዕድሜ ልኬን የተሰበረብኝን ሁሉ የሚጠግንልኝ እሱ ነበር። የሞጣ ሰው የኔ ዕቃ የማይሰበር ይመስለዋል። አጥሩንም ተነጋግረን በማግሥቱ አብረን ነው ያጠርነው። ያን ጠዋት የገባሁትም ሰንጢውን ልሰጠው ነው። አደራ ሐምዱ፣ ልጄ እስክትዳር አለኝ። ምን ብዬ ልናገር?» ከዚያ ወደ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሳያዩ ጨመሩ፣ «ግን ትናንት ቀን ሙሉ ትመጫለሽ ብዬ በሩን ሳይ ነበር።»

መሪጌታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ዘር የምንቆጥረው ለወጉ ነው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «እዚያ ላይ ማን እውነቱን ይናገራል? ሰባት ቤት በእውነት ቢቆጠር ከዚህ ድንኳን ማን ይቀራል? እኔስ እቀራለሁ?» ሐብታሙ አጎቱን ቀና ብሎ አየ፤ መልሶ አቀረቀረ። የደወለው እሱ ነው።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ከነጠላቸው ሥር ወደ መርማሪዋ ዞረው፣ «ልጄ፣ ያኔውኑ ብጮኽ ይተርፍ ነበር?» አሉ።

አመተ ሥላሴ ሐኪሙ ያላትን ታውቃለች፤ ቁስሉ ወዲያው በጨርቅ ጠበቅ ተደርጎ ቢታሰር ሆስፒታል ይደርሱ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ሰውን እውነት አውጡ ስትል ቆይታ አሁን እሷ መዋሸት አማራት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ለሌላ ሰው ሲነገር ቀላል ነው።

«ይተርፉ ነበር» አለች፣ ፊታቸውን ማየት ሳትችል። «ስለ ሐሰት ቃልዎ ደግሞ ከቀብሩ በኋላ ጣቢያ እጠብቅዎታለሁ።»

ሬሳው ወጣ። ሐምዱ ቃሬዛውን ከፊት በኩል ያዙ፤ ሐብታሙ ከኋላቸው ገባ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ደርሰው ፍትሐቱ ሲያልቅ የዕድሩ ዳኛ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ማን እንደሚያነብ ጠየቀ። ሊድያ ልትወጣ ስትል እናቷ ክንዷን ያዟት።

«አይነበብም። እኔ በአፌ እናገራለሁ» አሉ ወይዘሮ ጥሩአየሁ። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። ሕዝቡ ፊት ቆመው፣ ትናንት በሚያስፈልግበት ሰዓት ባልወጣው ድምፅ፣ «ባሌ ባለ እጅ ነበር» አሉ። «አባቱም ባለ እጅ ነበር። ይህን እንዳትሰሙብኝ ብዬ እየደማ ትቼው ዕቃ ደበቅሁ።»

ሕዝቡ ወጉ እንደሚያዝዘው እግዚአብሔር ያጽናሽ ማለት ነበረበት። ማንም አላለም። ሁሉም የየራሱን እግር ያይ ነበር።