ሦስተኛው ዙር

የአያ ክንዱ ማኪና በመስኮቱ ሥር ለሁለተኛ ጊዜ ስትጮህ ሐረገወይን እርሳሷን ወረወረችው። እርሳሱ ግድግዳውን መትቶ አልጋው ሥር ገባ። አሁን ደግሞ ተንበርክካ ልትፈልገው ነው፤ ያውም በኩራዝ ብርሃን። ገና ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የቀረው ስድስት ሳምንት፣ ያላነበበችው የሂሳብ ምዕራፍ ደግሞ አምስት።

በላይ ሰፈር ማክሰኞና ቅዳሜ የሚነጋው በፀሐይ ሳይሆን በዚያ ጥሩምባ ነው። አያ ክንዱ ወደ አይከል ከተማ የሚሄደውን ሰው ለመሰብሰብ ፒያሳን ይዞራሉ፣ ሽቅብ ወደ ላይ ሰፈር ይመጣሉ፣ ቁልቁል ወርደው እንደገና ይመጣሉ። ሦስት ጊዜ። ለምን ሦስት እንደሚሆን ሐረገወይን አንድ ቀን ጠይቃቸው ነበር። በመጀመሪያው የሚወጣ ሰው ስለሌለ ነው አሏት። የሰፈሩን ሰው ደግሞ ለምን በመጀመሪያው እንደማይወጣ ጠየቀች። «ምነው፣ ሦስት ሳይዞር አይሄድ» አሏት። በመጀመሪያው ጥሩምባ ሰዉ በአልጋው ላይ ይገላበጣል፣ በሁለተኛው ፊቱን ይታጠባል፣ በሦስተኛው ጓዙን ተሸክሞ ይወጣል። እሳቸው የሚዞሩት ሰዉ ስለማይወጣ፣ ሰዉ የማይወጣው እሳቸው ስለሚዞሩ። ይህን የሚፈታ ምዕራፍ በሂሳብ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ፈልጋለች።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት የከተማውን ጩኸትና የመኪና ግርግር ለመቀነስ እቅድ አወጣ ሲባል ከሰፈሩ ሁሉ አብልጣ የተደሰተች እሷ ነበረች። እቅዱን ለሕዝብ ያሰሙት አንድ ዘበኛ የቆርቆሮ መለፈፊያ አስይዘው፣ እሁድ በማለዳ፣ በየበሩ እያስጮኹ ነው። የጎረቤት ሕፃን ደንግጦ እስከ ቀትር አለቀሰ። ይሁን። እቅዱ ግን ሸጋ ነበር። ጋሪ ፒያሳ መሐል አይቆምም፤ የእህል ጭነት በጠባቡ መንገድ አያልፍም፤ ሰፈሩም የሚረብሸውን ነገር በማመልከቻ ጽፎ ያቀርባል።

ማመልከቻው የተጻፈው አቶ የሻው ግቢ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። አቶ የሻው ፒያሳ ላይ ሱቅ አላቸው። ሱቁ በር ላይ የተቀመጠው ግራሞፎን ከጧት እስከ ማታ ያንኑ አንድ ሸክላ ያዞራል፤ ሰፈሩ ዘፈኑን ወዶ ሳይሆን ተሸንፎ በቃሉ ይዞታል። ጽሕፈቷ ያማረ ነው ተብሎ ሐረገወይን ተጠራች፣ ቀለምና ወረቀት ተሰጣት። ከዚያ እያንዳንዱ የጎረቤቱን ጩኸት ይቆጥርላት ጀመር። የቀጥቃጩ መዶሻ ይጻፍ ሲባል ቀጥቃጩ ተቆጣ። የአባቷ የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ተማሪዎች ከነከበሯቸው ይጻፉ ሊባል ሲል ሁሉም እሷን አይቶ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የእርስዎን ግራሞፎንስ ልጻፈው፣ ጋሼ?» አለች ሐረገወይን።

«እሱ ዘፈን ነው እንጂ ጩኸት ነው እንዴ፣ አንቺ ነገረኛ?» አሉ አቶ የሻው።

በመጨረሻ ሁሉም እዚያ ባልነበረ ሰው ላይ ተስማማ። አያ ክንዱ ከድልድዩ ማዶ ነው የሚኖሩት። ሐረገወይንም ያን ጊዜ አልተከራከረችም። እንዲያውም አቶ የሻው «ይረብሸናል» ያሉትን «እንቅልፍ ነሥቶናል፣ ሕፃናትን ያስደነግጣል፣ ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎችንም ተስፋ ያስቆርጣል» ብላ አሳመረችው። ከሥሩ «የላይ ሰፈር ነዋሪዎች» ተብሎ ተፈረመ። የጸሐፊ ስም አልተጻፈበትም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ውሳኔው ወጣ። ወደ አይከል የምትሄደው ማኪና ከቅዳሜ ጀምሮ ከገበያው በታች ካለው ሜዳ ትነሣለች፤ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት፤ ከተማ መዞር የለም፤ ጥሩምባ የለም። ዘበኛው ይህንንም በቆርቆሮው ሦስት ቀን ለፈፈው።

ሐረገወይን በደስታ ልትፈነዳ ነበር፤ ትምህርት ቤት ገብታ አበቡን እስክታይ ድረስ። አበቡ የአያ ክንዱ ልጅ ናት። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ምሳቸውንም ተካፍለው ነው የሚበሉት። ያን ቀን አበቡ ምሳዋን አልከፈተችም። አባቷን ማዘጋጃ ቤት እንደ ጠሯቸው፣ አቁመው እንደ ወቀሷቸው ነገረቻት። ከላይ ሰፈር አንድ ማመልከቻ ቢደገም ፈቃዳቸውን እንነጥቃለን ተብለዋል። ፈቃዱ ከሄደ ማኪናዋ ቆመች ማለት ነው፤ ማኪናዋ ከቆመች አበቡ አያቷ ዘንድ አይከል ትወርዳለች፤ እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ ለእሷ የሚሆን ክፍል የለውም።

«ማን እንደ ጻፈው ባውቅ» አለች አበቡ።

«ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ምንም። ራሱ እንዲነግረኝ ብቻ ነው የምፈልግ።»

ሐረገወይን አፏን ከፈተች፤ ከዚያ እንጀራ ጎረሰችበት። ነገ እነግራታለሁ አለች በልቧ። በነጋው ዝናብ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን አርብ ነበር፤ አርብ ለእንዲህ ያለ ነገር አይመችም። ለምን እንደማይመች ራሷም አታውቅም።

ቅዳሜ ነጋ። የመጀመሪያው ጸጥ ያለ ጧት።

ሐረገወይን በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ኩራዟን አበራች። አባቷ ሌሊቱን ለማኅሌት ሄደዋል፤ የሚደውለው ሰዓታቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። የሚጮህ ነገር የለም። አንድ ምዕራፍ ጨረሰች። ደስ ብሏት ሁለተኛውን ጀመረች። እንዲህ ያለ ጸጥታ በሕይወቷ አጋጥሟት አያውቅም፤ የራሷን እርሳስ ድምፅ ትሰማ ነበር። ቀና ስትል መስኮቱ ነጭ ሆኗል፤ ሰዓቱ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ይላል።

እናቷ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጓዟን በጉልበቷ ይዛ። አይከል ያረፈችው እህቷ አርባ በነጋው ነው። ጓዙ ውስጥ ለተዝካሩ የምትወስደው ጧፍ አለ።

«እማ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ሐረገወይን።

«ጥሩምባውን ነዋ» አለች እናቷ። «ዛሬ ምነው አረፈደ?»

ሐረገወይን ጓዙን ከእናቷ ጉልበት ነጥቃ ሮጠች። እናቷ ከኋላ፣ ነጠላዋን በእጇ ይዛ። በፒያሳ አቋርጠው፣ ቁልቁል በገበያው፣ ሁለት ጊዜ እናቷ ቆማ ተነፈሰች። ሜዳው ላይ ሲደርሱ የማኪናዋ የጎማ ፈለግና አንድ የተደፋ የእህል ጆንያ ብቻ ነበር። ከላይ ሰፈር ሌላ ሰው ገና እየመጣ ነበር፤ አንዱ እያዛጋ፣ አንዱ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ። ዘበኛው ሰዓቱን እያሳየ አያ ክንዱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሊወጡ ሲሉ «ትንሽ ልጠብቅ፣ ሰዎቼ ይመጣሉ» ብለው እንደ ለመኑት፣ እሱ ግን ትእዛዝ ነው ብሎ እንዳስወጣቸው ለሁሉም ተናገረ። ማኪናዋ አራት ሰው ብቻ ይዛ ሄደች።

እናቷ ጓዙ ላይ ተቀመጠች። ብታለቅስ ይሻል ነበር። የጎማውን ፈለግ ታያለች።

«ሰዓቱን ነግረውኛል እኮ» አለች። «ሦስት ቀን ነግረውኛል። ጆሮዬ ጥሩምባውን ነው የጠበቀ።»

ሐረገወይን እናቷ አጠገብ ተንበረከከች። ማመልከቻውን የጻፈች እሷ። ሰዓቱ ፊቷ የነበረ እሷ። አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ እናቷ ጥሩምባ ስትጠብቅ እሷ በጸጥታው ትደሰት ነበር። አርባው ያለ እናቷ ወጣ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አቶ የሻው ግቢ እንደገና ሰው ሞላው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራል። በቂም ነው ጥሎን የሄደው የሚል ነበር። እንዴት ሰው ያለ ጥሩምባ ይሄዳል የሚልም ነበር፤ ያው ሰውዬ ከሦስት ሳምንት በፊት ጥሩምባው እንዲከለከል ፈርሟል። ሐረገወይን ራሷን ያዘች። እዚህ ግቢ ውስጥ ትንሽ ብትቆይ ሂሳብ የሚባል ነገር ጨርሶ ይጠፋባታል።

አቶ የሻው ወረቀት ሰጧት። «ጻፊ» አሉ። «ሾፌር ክንዱ በላይ ሰፈር ሕዝብ ቂም ይዞ፣ ሆን ብሎ ጥሎን ስለ ሄደ፣ እናትሽን ከእህቷ አርባ ስላስቀረ፣ ፈቃዱ ተነጥቆ ለሌላ ሾፌር ይሰጥልን። እናትሽ የሚለውን አጉልተሽ ጻፊው፣ ልብ ይነካል።»

ሐረገወይን «ሾፌር ክንዱ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ብዕሩ ቆመ።

«ዘበኛው እኮ ነው ያስወጣቸው» አለች።

«ዘበኛን ከስሰን የት እንደርሳለን?» አሉ አቶ የሻው። «ዝም ብለሽ ጻፊ።»

እናቷ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። «የማልጠይቀውን በኔ ስም አትጻፊ» አለች፣ ጮክ ሳትል፤ ከዚያ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መልሳ ወጣች።

ሐረገወይን ወረቀቱን አጠፈችና ቤት ወስጄ ላሳምረው አለች። አቶ የሻው ደስ አላቸው፤ የመጀመሪያውንም ያሳመረችው እሷ ናትና። እስከ ማክሰኞ እንዲደርስ አዘዟት።

ቤቷ ግን አልሄደችም። ቁልቁል ወርዳ፣ ድልድዩን ተሻግራ፣ አበቡ ግቢ ገባች። ማኪናዋ ግቢው መሐል ቆማለች። አበቡ ባልዲ ይዛ የፊት መስታወቱን ታጥባለች። ዞር ብላ አየቻትና ማጠቧን ቀጠለች።

ሐረገወይን መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ረጅም ንግግር ነበራት። ስለ ፈተናው፣ ስለ እርሳሱ፣ ስለ አቶ የሻው ግራሞፎን ሁሉ ያለበት።

«የመጀመሪያውን ማመልከቻ የጻፍሁት እኔ ነኝ» አለች። ሌላው ሁሉ ጠፋባት።

አበቡ ጨርቁን ጨመቀችው። «ዐውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«አባቴ ወረቀቱን አይቶታል። ጽሕፈቱ ያምራል አለኝ፣ እየተበሳጨ። ደግሞ ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች የሚለውን ማን ይጽፈዋል? አቶ የሻው?» አበቡ ባልዲውን አስቀመጠች። «ሐሙስ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ። አርብ ጠበቅሁሽ። ዛሬ ባትመጪ ኖሮ ነገ ሌላ ወንበር ላይ ነበር የምቀመጥ።»

«ሦስተኛው ላይ ደረስሁ ማለት ነው» አለች ሐረገወይን።

አበቡ መሳቅ አልፈለገችም፤ አፏን ወደ መስታወቱ አዞረች። መስታወቱ ግን አሳበቀባት።

ሐረገወይን የታጠፈውን ወረቀት ሰጠቻት። አበቡ «ሾፌር ክንዱ» የሚለውን አነበበች፤ ፊቷ መልሶ ጠቆረ። ሌላ ሰው ያጽፋሉ አለች። ሊያጽፉ ይችላሉ፤ ግን ማክሰኞ ማንም ሳይቀር ሁሉም ማኪናዋ ላይ ከተገኘ የሚከሱበት ነገር ያጣሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ አይከል ሆኖ ማን ይፈርማል? ይህን ሐረገወይን እያሰበች ተናገረችው፤ ስትጨርስ ያለችው ነገር ራሷን ያስገረማት መሰለ።

«በጥሩምባ ነው የሚነሡ» አለች አበቡ። «ጥሩምባ ደግሞ የለም።»

«በር አለ» አለች ሐረገወይን። «በር ይንኳኳል።»

«ሦስት ጊዜ እንዳትዞሪ።»

«አንድ ጊዜ። ያልወጣ በሩ ላይ እቀመጥበታለሁ።»

ወረቀቱን ገለበጠችው። ከአበቡ ጋር የማኪናዋ መርገጫ ላይ ተቀምጠው ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሄዱትን ሰዎች ቤት በተራ ጻፉ። ዘጠኝ ቤት ሆነ። አሥረኛው የአቶ የሻው ነው፤ አይከል ሄደው ቅቤ የሚቀበሉት ደንበኛ አላቸው። አበቡ እሱን እኔ አንኳኳዋለሁ አለች፤ በድንጋይ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ እናቷ ያንኑ ጓዝ መልሳ ስታስር አየቻት። አርባው ቢያልፍም መቃብሯን ሳላይ አልቀርም ብላለች። ሐረገወይን የሂሳብ መጽሐፉን ከፈተች፤ ሦስት ምዕራፍ ቀርቷታል፤ ማክሰኞ ጧት አንዱንም አታነብም። መጽሐፉን ዘጋችው። የአባቷን ሰዓት አንሥታ ቁልፉን እያዞረች ሞላችው፤ የሚደውልበትን እጅ ከአሥራ አንድ ሰዓት ወደ አሥር ተኩል መለሰች። ከዚያ ወደ ራሷ ጠረጴዛ ሳትመልሰው፣ በሩ አጠገብ፣ እናቷ የምትቀመጥበት መደብ ላይ አኖረችው።