የጋሼ ቦታ

«እሺ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ናት» አሉ የኬክ ቤቱ ባለቤት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «ከአምስት ዓመት በኋላ የት ደርሰሽ መገኘት ትፈልጊያለሽ?»

ሚጡ በሆዷ «መጣችልኝ!» አለች። ይቺን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብቃት ነበር። «ጋሼ» የምትለው አጎቷ፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ በዚሁ ኬክ ቤት ጓዳ ውስጥ ኬክ ላይ ሲጽፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለትምህርት እረፍቱ ረዳት እንደሚፈለግ የነገራት እሱ ነው። ጫፉ በተቀደደ ፌስታል ቀጭን ሊጥ እያስጨመቀ ጽሕፈት ያለማመዳትም እሱ ነው። ከእራት በኋላ እግሩን አጣምሮ ይቀመጥና፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ ባለቤቲቱን ሆኖ ይጠይቃታል። እሷ በሳቅ ትፈርሳለች።

«ሳቁን ተዪና ስሚኝ» ይላታል። «‹የተገኘውን ሥራ› እንዳትይ፣ ግብ የሌላት ትመስያለሽ። ‹ዶክተር እሆናለሁ› ካልሽ ደግሞ ‹ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?› ትልሻለች። ‹ዋና የኬክ ዲኮር ባለሙያ መሆን እፈልጋለሁ› በያት። አለቀ!»

ስለዚህ ሚጡ ወንበሯ ላይ ቀና ብላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ አፏን ሞልታ ተናገረች።

«ከአምስት ዓመት በኋላ የዚህ ቤት ዋና የዲኮር ባለሙያ መሆን እፈልጋለሁ። ልክ እንደ ጋሼ!»

ባለቤቲቱ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ መለሱ። ለፈተና የጻፈችበትን ትሪ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። በቸኮሌት «መልካም ልደት» ይላል። ፊደሎቹ አንድም ሳይዛነፉ ተሰልፈዋል። ከጫፉ ትንሽ በጣታቸው ጠርገው ቀመሱ። ጽሕፈት በምላስ እንደማይፈተን ማን ይንገራቸው!

«አምስት ዓመት ምን ያደርግልሻል?» አሉ በመጨረሻ። «ከሰኞ ጀምሮ ያንቺ ነው።»

«ምኑ፣ እትዬ?»

«የሱ ቦታ።»

ሚጡ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነበር። ከዚያ የሴትዮዋን ፊት ስታይ ሳቁ እዚያው አፏ ላይ ደርቆ ቀረ።

ባለቤቲቱ ስልካቸውን ከፍተው ፎቶ አሳዩዋት። ባለ ሦስት ደርብ የሠርግ ኬክ ነው። የሙሽራው ስም ደህና ተጽፏል። የሙሽራዋ ግን መሃሉ ላይ ተንቀጥቅጦ፣ ጫፉ ወደ ታች ፈሶ፣ ለማንበብ እንኳ አይቻልም።

«ባለፈው ቅዳሜ ነው። የሙሽራዋ ወንድም ኬኩን ይዞ መጥቶ ሰው ፊት አዋረደኝ። በራሴ እጅ ጠርጌ ከሌላ ኬክ ቤት ልጅ ለምኜ አስጻፍኩበት። ለአጎትሽ ትንፍሽ አላልኩም። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ እኮ ወራት ሆነው። እቤት አላያችሁም?»

ሚጡ ክው አለች። አላየንም ልትል ነበር። ግን ሻዩ ትዝ አላት። ጋሼ ሰሞኑን እናቷ ሻይ ስትቀዳለት «ግማሽ፣ ግማሽ ይበቃኛል» ይላል። እናቷም «ስኳር ፈርተህ ነው አይደል? አረጀህ!» እያለች ትቀልድበታለች። ሚጡም አብራ ትስቃለች። ለካ ሙሉ ብርጭቆ እንዳይፈስበት ነው!

«ክሬሙንም አበባውንም ሌሎቹ ልጆች ይሠሩታል» አሉ ባለቤቲቱ። «የቸገረኝ ጽሕፈቱ ነው። እረፍቱን ትሠሪያለሽ፣ ከዚያ በኋላ ከትምህርት መልስ እየመጣሽ ትጽፊያለሽ።»

«እሱስ… እሱ ያውቃል?»

«ቅዳሜ ማታ ሒሳቡን ሰጥቼ አሰናብተዋለሁ። በዚህ ሳምንት አምስት ሠርግ አለብኝ። አሁን ብነግረው እጁ ጭራሽ ይብስበታል። እስከዚያ ሦስት ቀን አለሽ፤ አጠገቡ ቁሚና ሙያውን ውሰጂ። ታዲያ እንዳትነግሪው! ከነገርሽው ያንቺም ነገር አበቃ። ውጪ ስምንት ሰው ተሰልፎልኛል።»

ባለቤቲቱ ክፉ ሴት ቢሆኑ በቀለላት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ የመነጽራቸውን ክንድ ይነካካሉ። «ሃያ ሁለት ዓመት እኮ ነው፣ ልጄ። ፊቱን እያየሁ መናገር አቃተኝ። ላንቺ ሲሆን አይከፋውም ብዬ ነው። እሺ?»

«እሺ» አለች ሚጡ። ለምን እንዳለች እሷም አታውቅም። ቃሉ ብቻ ከአፏ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ተሰልፈው የሚጠብቁት ዞር ዞር ብለው አዩዋት። አንዷ ልጅ በሹክሹክታ «ከባድ ነው እንዴ? ምን ጠየቁሽ?» አለቻት። ሚጡ ራሷን ነቅንቃ ወደ ጓዳው አለፈች።

ጓዳው ውስጥ ጋሼ ሽርጡን ታጥቆ፣ ትልቅ ነጭ ኬክ ላይ አጎንብሷል። ሲያያት ፊቱ በራ።

«እህሳ! የአምስት ዓመቷን ጠየቀችሽ?»

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ያልከኝን።»

«አላልኩሽም!» አለና ጉልበቱን መታ። «ተቀበለችሽ አይደል? ገና ስትገቢ አውቄዋለሁ። የኛ ዘር እኮ እጁ ወርቅ ነው! በይ ነይ፣ ዛሬውኑ ልጀምርሽ። እዪ፤ ስም ከመጻፍሽ በፊት ትንፋሽሽን ትይዣለሽ። ከዚያ ቀኝ እጅሽን በግራሽ አጥብቀሽ፣ እንዲህ…»

የቀኝ እጁን አንጓ በግራው ጨመቀ። ሚጡ ይህን አያያዝ ታውቀዋለች። እቤት ያስተማራት ይህንኑ ነው። አሁን ባለቤቲቱ ፊት «መልካም ልደት» ስትጽፍም ልክ እንደሱ ጨምቃ ነበር፣ የትልቅ ባለሙያ ዘዴ መስሏት። ምን ዘዴ አለው? ሰውየው እጁ እንዳያመልጠው አስሮ መያዙ ነው! ያም ሆኖ የሚጽፍበት የክሬም ከረጢት ጫፍ ይርገበገባል። ጋሼ ትንፋሹን ውጦ፣ መርገብገቡ እስኪያልፍ ጠብቆ፣ አንዲት ፊደል ጣል ያደርጋል። ከዚያ እንደገና ይጠብቃል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

በሩ ገርበብ አለና ባለቤቲቱ አንገታቸውን አስገቡ።

«ተግባባችሁ? ሦስት ቀን ነው የምታለማምዳት።»

«እንዴ፣ የኛ ልጅ ናት እኮ!» አለ ጋሼ፣ ቀና ሳይል። «በሦስት ቀን ውስጥ አንጥሬ ነው የማስረክብሽ። የማውቀውን አንድም ሳላስቀር!»

ባለቤቲቱ ሚጡን አዩዋት። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉና በሩን ሳይዘጉ ሄዱ።

ሚጡ የተከፈተውን በር አየች። ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ሙሉ እሱ አንድም ሳያስቀር ሊሰጣት፣ እሷ ፊት ለፊቱ እየሳቀች ልትቀበለው። ከዚያ ቅዳሜ ማታ ተጠርቶ ይነገረዋል። መጀመሪያ የሚጠይቀው ደግሞ «ልጅቷ ታውቅ ነበር?» ብሎ ነው። ቦታውን መውሰዱ አንድ ነገር ነው። ይሄኛው ግን ስርቆት ነው፤ ያውም ከጋሼ እጅ፣ እያጎረሳት። ዝም ብትል ሰኞ ሥራ አላት። ብትናገር ምናልባት ሁለቱም ዛሬውኑ እቤታቸው ይገባሉ። እናቷንስ ምን ትላታለች?

ጋሼ ወደ መጨረሻዋ ፊደል ደርሷል። እንዳይደናገጥ ድምፅ ሳታሰማ ቆመች። ፊደሏ ትንሽ ጠመመች፣ ግን ትነበባለች። እሱ በረጅሙ ተነፈሰና ከረጢቱን ሊያስቀምጥ ሲል ተቀበለችው።

ሄዳ በሩን ዘጋች።

«ምነው?» አለ። «ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ። ምን ሆነሻል?»

«ጋሼ፣ እጅህን ታጠብና ቁጭ በል። የምነግርህ አለኝ።» ወንበር ሳበችለት። «ቅዳሜ ከሳቸው ከምትሰማው ዛሬ ከኔ ስማው።»

ጋሼ እጁን ታጠበ። ቀኝ እጁን ሽርጡ ስር ሸጎጠና ተቀመጠ።