መልስ ያጣ ትከሻ

ወለሉ ጠዋት ጠዋት ሲነቃ ይነጫነጫል። የደሴ ብርድ አይስማማውም። ስለዚህ ህሊና ከሁሉ ቀድማ ትገባና ማሞቂያውን ከፍታ እስኪለሰልስ ታባብለዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት ያሳደገችው እሷ ናትና አመሉን ታውቀዋለች።

አድማጭ ወለል ይሉታል። ከላይ ሲያዩት ተራ ሳንቃ ነው፤ ከሥሩ ግን እንደ ነርቭ የተዘረጋ መረብ አለው። የረገጠውን እግር ክብደት፣ የትከሻን ንዝረት፣ የትንፋሽን ምት እየሰማ ለተወዛዋዦች ነጥብ ይሰጣል። የወጣቶች ውዝዋዜ ፈንድ በየዓመቱ ልጆቹን የሚመርጠው በእሱ ነው። የተመረጠ ወጣት ሁለት ዓመት ሙሉ ደመወዝ እየተከፈለው ይሠለጥናል፣ መድረክም ያገኛል። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፤ የቀረውም አንድ ቦታ ብቻ። እስከ አሥር ሰዓት ካልተያዘ ገንዘቡ ለመንገድ መብራት ይዛወራል።

የመጨረሻው ተፈታኝ ይመር ይባላል፤ ገና ሃያ ዓመቱ ነው። ከሐይቅ ከተማ በገመድ በተንጠለጠለ የአየር መኪና ተሳፍሮ መጥቷል። የማሠልጠኛ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ እስክስታን የተማረው ከሰርግ ሰርግ እየዞረ ነው።

«ካላለፍክስ ምን ታደርጋለህ?» አለችው ህሊና፣ ክብደቱን ከወለሉ ጋር እያስተዋወቀች።

«ነገ ጠዋት ወደ ጨረቃ ነኛ። የፀሐይ ሰሌዳ ጠረጋ ፈርሜያለሁ፤ አምስት ዓመት።»

«ጨረቃ ምን ይላታል? ደመወዙ ደህና ነው።»

«ደመወዙስ ደህና ነው፣ እህቴ። ግን እዚያ ሰው ክብደቱ ይቀላል አሉ። ዘልዬ እስክመለስ ዘፈኑ ሊያልቅብኝ ነው።» ይህን ብሎ ሳቀ።

ሙዚቃው ተለቀቀ። ልጁ ገና ትከሻውን ሲሰብቅ ህሊናን ውርር አደረጋት። ሌሎቹ ተፈታኞች የሚቀርጻቸውን ካሜራ እያዩ ነበር የጨፈሩት፤ ይመር የሚያየው ሰው ነው። እየተንሸራተተ ነጥቡን ሊያጸድቁ ፊት ለፊት ወደተቀመጡት ሦስት ዳኞች ቀረበ። ከዋና ዳኛዋ ከወይዘሮ የሺመቤት ፊት በርከክ አለና ደረቱን ነፍቶ ትከሻውን አርገፈገፈላቸው። ከዚያ እንደተንበረከከ ቀረ።

ዳኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ዳኛ አይነቃነቅም፤ ደንቡ ነው። ዘፈኑ አለቀ። ግድግዳው ላይ በነጥብ ፈንታ ሁለት ቃል በራ፦ «ገና አላለቀም።»

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?» አለች ህሊና። ሳንቃውን ከፍታ መረቡን ፈተሸች። ደህና ነው። አጥፍታ አስነሳችው፤ ይመርም እንደገና ጨፈረ። እዚያው ቦታ ሲደርስ እንደገና ተንበርክኮ ቀረ፤ ወለሉም ያንኑ ቃል ደገመ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል።

«አትቁም፤ ዝም ብለህ ቀጥል» አለችው።

«እንዴት አድርጌ?» አለ ይመር ግራ ገብቶት። «እትዬ ፊት በእስክስታ ወርጄ፣ ጥያቸው ልሂድ? ነውር አይደለም?»

ህሊና ወለሉን አስገድዳ ነጥብ ማስወጣት ትችላለች። ግን ያልተጨረሰ ውዝዋዜ ግማሽ ነጥብ ነው የሚያገኘው፤ በግማሽ ነጥብ ደግሞ ልጁ በቀጥታ ጨረቃ ነው። ተንበርክካ አፏን ወደ ሳንቃው አስጠጋች።

«ምን ጎደለህ?»

«መልስ» አለ ወለሉ፣ ከሳንቃው ሥር በሚወጣ ድምፅ።

«የምን መልስ?»

«ልጁ በትከሻው ጠይቋል። አንቺ ባሳየሽኝ ሰርግ ሁሉ፣ ሰው ፊቱ ሲወርድለት ተቀምጦ የቀረ አላየሁም። የተጠየቀው ሰው እስኪነሳ ነጥቡን ይዤዋለሁ።»

እውነቱን ነው። ስታሳድገው የወሎን ሰርግ ቅጂ ሁሉ ያገኘችውን ያህል መግባዋለች፤ እሱም አንዱን ሳይጥል ተምሯል። ሳታስበው ፊቷን ወደ ዳኞቹ አዞረች፤ ይመርም አብሯት አየ። ዳር የተቀመጠው ዳኛ ጉሮሮውን ጠራረገና «ደንቡ እንኳ…» ብሎ ጀመረ።

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ተወው» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። ጫማቸውን አወለቁ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸረጡ። «ይሄን ጉልበት ያስቀየርኩት ለወንበር አይደለም። በል ልጄ፣ ከመጀመሪያው አምጣው።»

ይመር ወረደ፤ እሳቸውም ወረዱለት። እሱ ትከሻውን ሲሰብቅ እሳቸው ይመልሱለታል፤ ሲመልሱለት ደግሞ የባሰውን ይዞ ይመጣል። ልጁ ብቻውን ሲጨፍር ጎበዝ ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ሰው ሆነ። ደንብ አስታዋሹ ዳኛ ሳይታወቀው ሲያጨበጭብ፣ ህሊና ዕቃዋን ጥላ እልል አለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ወለሉ በሦስት ዓመት ለማንም ሰጥቶት የማያውቀውን ነጥብ ሰጠ።

ይመር የወይዘሮ የሺመቤትን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል አንገቱን ይዘው ጉንጩን አገላብጠው ሳሙት። «ጨረቃ ሌላ ጠራጊ ትፈልግ» አሉ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ደስታው ከአዳራሹ ወጥቶ መንገዱን ሞላው፤ ህሊና ግን ሳንቃውን ልትገጥም ወደ ኋላ ቀረች። አንድ ነገር ከንክኗታል።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ለስንቱ ነጥብ ስትሰጥ ኖረሃል» አለችው። «ለእነሱ ለምን መልስ አልጠየቅህም?»

«እነሱ ማንንም አልጠየቁም። ብቻቸውን ስለነበሩ የልምምድ ነጥብ ሰጠኋቸው።»

«ልምምድ? ያ ሁሉ ውድድር?»

«ውድድር ነበር እንዴ?» አለ ወለሉ። «እኔ እኮ የሚመልሱላቸው ሰዎች እስኪመጡ ነበር የምጠብቀው።»